ዕቃ ዕቃ ለመጫወት ቦታ ስጡን

ለካርቱም የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ኮሚቴ
ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች
በዴም፣ በጅሬፍና በሰሃፋ ለምትኖሩ ወላጆች በሙሉ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

የምለምናችሁን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል። ካሏችሁ ክፍሎች አንዷን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ፍቀዱልን። ምንጣፉን፣ ሲኒውንና ረከቦቱን እኔ አመጣለሁ። አስተማሪ ቅጠሩልን አልልም፣ ገንዘብም አልጠይቅም። የምፈልገው ክፍሏንና ልጆቻችሁን ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆቻችን ከእናንተ ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው ዕቃ ዕቃ እንዲጫወቱ እፈልጋለሁ።

ይህንኑ ባለፈው ወር በቃል ሳነሣ አንድ አባት «እኅቴ፣ ልጆቹ ፊደል ሳይቆጥሩ ጨዋታ ምን ያደርግላቸዋል?» አሉኝ። በክፋት እንዳልተናገሩ አውቃለሁ። በጦርነቱ ምክንያት ስንት ወር፣ ስንት ዓመት ከትምህርት ገበታ የራቀ ልጅ በየቤታችን አለ። ደብተር ያጣ ልጅ ላለው ሰው ጨዋታ ቅንጦት ይመስላል። በዚያን ቀን እንባ ቀደመኝና ሳልመልስላቸው ቀረሁ። እነሆ መልሴ።

ልጄ አሁን 8 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ማሙሽ እንለዋለን፤ እዚህም በዚሁ ልጥራው። ተወልዶ ያደገው ዴም ነው። እኔ ጎንደር ሳለሁ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ስለነበርኩ ሕፃን በስንት ዓመቱ ምን እንደሚጫወት በዓይኔ አይቻለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ባዶ ማንኪያ ወደ አፉ ወስዶ «እምም» ይላል። ሁለት ሲሞላው አሻንጉሊቱን ያጎርሳል። ሦስት ላይ እንጨቱ ፈረስ፣ ጭቃው እንጀራ፣ ቅጠሉ ብር ይሆናል። አራት ላይ ደግሞ «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ አባት ልሁን፣ እሱ ሐኪም ይሁን» ተባብለው ቤት ይመሠርታሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ለቅሶ ሳይቀር ይደርሳሉ።

ማሙሽ በሦስት ዓመቱ የዓረብኛውንም የአማርኛውንም ፊደል ከሱቅ ሰሌዳ ላይ እየለየ ይጠራ ነበር። እኔን ግን «እማ» ብሎ አይጠራኝም። ዕቃ ዕቃም አልነበረውም። በራችን ላይ ሻይ የምትሸጠው እኅታችን የለስላሳ ቆርኪ ታጠራቅምለታለች፤ እሱ ደግሞ ከደጃችን እስከ ኒሙ ዛፍ ሥር በአንድ መስመር ይደረድረዋል። አንዷን ቆርኪ ሰው ካነሣበት ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ያለቅሳል። አንድ ቀን ባዶ ሲኒ አቀበልኩትና «እንካ፣ ቡና ጠጣ» አልኩት። ሲኒውን አየ፣ ዘቅዝቆ አየ፣ መለሰልኝና «የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ምንም የለም። እኔ ግን በዚያች አንዲት ቃል ወገቤ ተቆረጠ። ስንት መቶ ሕፃን ያንኑ ባዶ ሲኒ ተቀብሎኝ «ትኩስ ነው!» ብሎ ሲነፋ አይቼ ነበር።

በዚያው ዓመት ያየው ባለሙያ ኦቲዝም እንደሆነ ነገረን። አክሎም «ከእንግዲህ አማርኛውን ተዉት፣ ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል» አለን። አንድ ዓመት ሙሉ ልጄን በተሰባበረ ዓረብኛ አሳደግሁት። መዝሙሬንም፣ ተረቴንም፣ ቁጣዬንም ዋጥሁት። ይህን የማነሣው ሌላ እናት እንዳትደግመው ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደማይጎዳው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጨዋታ ደግሞ እናት አፏን በፈታችበት ቋንቋ ካልሆነ አይመጣላትም። እንዴት ብዬ በማላውቀው ቋንቋ የውሸት ልቅሶ ላልቅስ?

«የውሸት» የምትለዋን ቃል ልጆቻችን ከጥንት ጀምሮ ይዘዋት ኖረዋል። የውሸት ቡና፣ የውሸት ሐኪም፣ የውሸት ሠርግ ይላሉ። ማንም የማይታለልበት ውሸት ነው። ሰጪዋ ሲኒው ባዶ መሆኑን ታውቃለች፣ ተቀባዩም ያውቃል፣ አንዱ ሌላው እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ያም ሆኖ ሁለቱም «ፉት» ይላሉ። በዓይን የሚታየው ሸክላ ሲሆን የሚጠጡት ግን የጋራ ሐሳባቸውን ነው። አላን ሌስሊ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ነገር በሙዝ አስረድቶታል። እናት ሙዝ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስልክ ስታወራ የሁለት ዓመት ልጅ ሙዝ ማለት ስልክ ነው ብሎ አይሳሳትም፣ ነገ ሙዝ ሲሰጡትም ልጦ ይበላዋል። እናቱ በሐሳቧ ስልክ እንዳደረገችው ይገባዋል። ሰው በልቡ የያዘው ነገር በዓይን ከሚታየው ሊለይ እንደሚችል ሕፃን የሚያውቅባት የመጀመሪያዋ በር ይህች ጨዋታ ናት ይላል ሌስሊ።

ያው ተመራማሪ ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1985፣ ከሳይመን ባረን-ኮኸንና ከኡታ ፍሪት ጋር ሆኖ በሁለት አሻንጉሊቶች ያደረገው ሙከራ ዛሬም ይጠቀሳል። ሳሊ የምትባለዋ አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። አን የምትባለዋ ብዩን አውጥታ በሣጥን ትደብቀዋለች። ሳሊ ተመልሳ ስትመጣ ብይዋን የት ትፈልገዋለች? ሳሊ መደበቁን ስላላየች ቅርጫቱ ውስጥ ነው የምትፈልገው። ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ ግን ብዩ በእርግጥ ያለበትን ሣጥን አመለከቱ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 14 ልጆች 12ቱ በትክክል መልሰዋል። እንግዲህ ነገሩ የዕውቀት ማነስ አልነበረም። ልጆቹ ብዩ ያለበትን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የከበዳቸው ሳሊ የማታውቅ መሆኗን ማወቅ ነው። የእኔም ልጅ ባዶውን ሲኒ ዘቅዝቆ «የለም» ሲለኝ ያለውን ነገር በትክክል አይቶ ነበር። የእኔን ሐሳብ ነው ያላየው።

ይህ ሙከራ ግን ያለ ልኩ ተለጥጦ «ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላው ስሜት አይገባውም» ሲባልበት ሰምቻለሁ። ይህ በደል ነው። በዚያው ሙከራ 4ቱ ልጆች መልሰዋል፤ ዕድሜያቸውና ቋንቋቸው ሲጨምር የሚመልሱትም ብዙ ናቸው። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ዴሚየን ሚልተን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው ደግሞ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው። እነሱ እኛን ለመረዳት እንደሚቸገሩ ሁሉ እኛም እነሱን አንረዳም፤ ጉድለቱን ግን ሁልጊዜ በእነሱ ላይ እንጽፈዋለን። ይህን ሐሳብ በመጽሐፍ ከማወቄ በፊት ልጄ አስተምሮኛል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። ጎረቤቶቻችን የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት ይጾማሉ፣ እኛ ለፋሲካ ዶሮ ገዝተናል። በዚያ ጠዋት ጦርነቱ ሲጀመር የሆነውን ካርቱም ለነበረ ሰው አልተርክም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዋድ መደኒና በገዳሪፍ አድርገን ገላባት ደረስን፣ ወደ መተማ ተሻገርን። በየኬላው፣ እዚህ ኢርቲካዝ በምንለው፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ወንዶቹ እጃቸውን አንሥተው ይወርዳሉ፣ ወረቀት ይታያል። ማሙሽ በሁለት እጁ ጆሮውን ደፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቆርኪዎቹን በፌስታል ታቅፎ ተጓዘ። እኔ መንገዱን ሁሉ ፈገግ እያልኩለት ነበር። አላየም፣ አልሰማም፣ ደግ ሆነ ብዬም ነበር።

ጎንደር እናቴ ቤት ከገባን ከአራት ወር በኋላ አንድ ከሰዓት እንደ ልማዱ ቆርኪ ሲደረድር አገኘሁት። መስመሩ ግን አንድ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመ። ማሙሽ አንዷን ቆርኪ ከመስመሩ አወጣና ድንጋዩ ፊት አኖራት። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። እናቴ ከማጀት ወጥታ አየችውና ፊቷን አማተበች፤ «ኧረ ልጄ፣ ክፉ ነገር ይጠራል፣ አስጥዪው» አለችኝ። ልታነሣቸው ስትል እጇን ያዝኳት። ሄጄ ከድንጋዩ ኋላ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ ወታደሩ ሆንኩ። ማሙሽ ፊቴን ሳያይ አንድ ቅጠል ዘረጋልኝና «ወረቀት» አለኝ። ቅጠሉን ተቀበልኩ፣ ገለባብጬ አየሁት፣ «ደህና ነው፣ እለፉ» አልኩት። ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ አሳለፋቸው። መጨረሻ ላይ የቀረችውን ቆርኪ ሲያሳልፍ በመዳፉ ከደናት።

«እማ ፈርታለች» አለኝ።

ያን ሁሉ መንገድ ከፈገግታዬ ሥር የነበረውን አይቶት ነበር። የማያየው ልጄ ሳይሆን እኔ ነበርኩ። እሱ ያየውን የሚያወጣበት ቦታ አጥቶ ነበር፤ ያገኘው በአንድ ድንጋይና በአንድ ቅጠል ነው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ያንኑ ተጫወትን። በሳምንቱ እኔ ተሳፋሪ፣ እሱ ወታደር ሆነ። ቅጠሌን ገለባበጠና «ደህና ነው፣ እለፊ» አለኝ። በ6ኛ ዓመቱ ማለት ነው የመጀመሪያውን ዕቃ ዕቃ የተጫወትነው።

ጨዋታ ኦቲዝምን ያድናል አልልም። ኦቲዝም የአእምሮ አፈጣጠር ነው፣ ልጄም አሁንም ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ይሆናል። ከእውነት ውጭ የሆነ ተስፋ ሰጥቼ ክፍል መውሰድ ስለማልፈልግ ጥናቱ የሚለውንም እንዳለ ላቅርብ። አንጀሊን ሊላርድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ጥናቶችን አገላብጠው የማስመሰል ጨዋታ የማንኛውንም ልጅ ችሎታ እንደሚያሳድግ በሰፊው የሚወራው የጠነከረ ማስረጃ የለውም ብለዋል። በሌላ ወገን በአሜሪካ ተመራማሪዋ ኮኒ ካሳሪ ኦቲዝም ካለባቸው የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች 58ቱን ይዛ ያደረገችው ሥራ አለ። ልጆቹ በሦስት ቡድን ተከፍለው ሁለቱ ቡድኖች በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ ለ5 ወይም ለ6 ሳምንት ተጨማሪ ድጋፍ ያገኙ ነበር። አንደኛው ቡድን ዕቃን ከሌላ ሰው ጋር አብሮ ማየትና ማሳየት ሲለማመድ ሌላኛው የማስመሰል ጨዋታ ይማር ነበር። ጨዋታ የተማሩት ከእናቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ ጨዋታቸው ሰፋ፤ ከዓመት በኋላ ሲታዩ ደግሞ የሁለቱም ቡድኖች ቋንቋ ድጋፉን ካላገኙት በላይ አድጎ ተገኘ። በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። እኛ ቡና ለመጠጣት ከዚያ በላይ እንቀመጣለን።

ባለሙያ የለንም ለምትሉኝም መልስ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን፣ የታሰበው የሕክምና ስፔሻሊስት በሌለበት አገር ተራ ሰው ተሠልጥኖ እንዲሰጠው ነው። በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ዋና መሣሪያው ጨዋታና የቤት ውስጥ የዕለት ሥራ ነው፤ ልብስ ማጠፍ፣ እጅ መታጠብ፣ ምግብ ማቅረብ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ መነሻቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። ትምህርት ቤት ልጃቸውን አልይዝ ሲላቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል፤ ማዕከሉን በከፈቱበት ዘመን ግን «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል በአደባባይ የሚናገር ሰው እምብዛም ባልነበረበት አገር በቴሌቪዥን ቀርበው ልጄ ነው ያሉ እናት ናቸው። እኔ ማዕከል መክፈት አልችልም። ምንጣፍ ማንጠፍ ግን እችላለሁ።

ካርቱም ከተመለስን ወዲህ ነገሩን በቤቴ ጀምሬዋለሁ። ሁለት የሐበሻ ልጆችና የጎረቤታችን ሱዳናዊት ልጅ ይመጣሉ። የምንጫወተው ባብዛኛው ቡና ነው። ልጅቱ አማርኛ ባታውቅም ጀበና ስንል ገባት፤ በእነሱም ጀበና ነው። የውሸት ዝንጅብል መጨመር ያስተማረችን እሷ ናት።

ቡናን የመረጥኩት አስቤበት ነው። እንደ ማሙሽ ያለ ልጅ ተራ ያለው ነገር ይወዳል፣ ቡና ደግሞ ተራው የታወቀ ነው። ታጥቦ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ይቀዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ተራው ስለማይለወጥ አያስፈራውም። በዚያ ተራ ውስጥ ግን ሰዎች አሉ፣ ሰዎቹ ደግሞ ይለያያሉ። ለማን ይቀድማል? ስኳር የማይወደው ማነው? ጭሱ ዓይኑን ያቃጠለው ማነው? ሳይደርሰው የቀረ አለ? አንድ ጊዜ ቡና ማፍላት የማያልቅ የሰው ልብ ትምህርት አለው። እናቶቻችን ይህን ስም ሳይሰጡት ሲያስተምሩን ኖረዋል።

አጀማመሩ ቀስ ብሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኔ ምንም አላስተምርም። ልጁ ፊት ለፊት እቀመጥና እሱ የሚያደርገውን አደርጋለሁ። ሲኒ ቢያሽከረክር አሽከረክራለሁ፣ ቢደረድር እደረድራለሁ። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ «ይህንማ እንዲተው ነው የምፈልገው» ይላል። ልጁ ግን ቀና ብሎ የሚያይህ የእሱን ነገር ስትይዝ ነው። ቀና ካለ በኋላ አንዲት ነገር ብቻ እጨምራለሁ። የተሽከረከረውን ሲኒ ወደ አፌ ወስጄ ፉት እላለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ፤ በልቤ እስከ 10 እቆጥራለሁ። ያቺ ዝምታ ከሁሉም ትከብደኝ ነበር። አስተማሪ ስለነበርኩ ዝም ማለት አልተማርኩም።

ሲኒው መጀመሪያ እውነተኛ ውኃ አለበት። ሌላ ቀን ውኃው ይቀንሳል። ሌላ ቀን ባዶ ይሆናል። ቆይቶ ሲኒው ቀርቶ ቆርኪ ሲኒ ይሆናል። በመጨረሻ ምንም ሳንይዝ በባዶ ጣታችን እንጠጣለን። ማሙሽ ከሲኒ ወደ ቆርኪ እስኪሻገር ሁለት ወር ፈጅቶበታል። «ቆርኪ ነው» ይለኝ ነበር። «አዎ፣ ቆርኪ ነው። ግን የውሸት ሲኒ ነው» እለዋለሁ። አንድ ቀን ራሱ ቆርኪዋን አንሥቶ «የውሸት» አለና ለአባቱ ሰጠው። ባለቤቴ ጠጥቶ «ስኳሩ አነሰ» ሲለው ማሙሽ ወደ ማጀት ሄዶ በሁለት ጣቱ ምንም ይዞ መጣ። ምንም! ለአባቱ የውሸት ስኳር ነበር።

የልጆቻችሁን ድርሻ ደግሞ ልንገራችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዋ ፓሜላ ዎልፍበርግ ጨዋታ የሚያውቁትን ልጆች ከማያውቁት ጋር በትንንሽ ቡድን እያቀላቀለች ያሳየችው ነገር አለ፤ ልጅ ከልጅ ብዙ ይማራል። እኔም ለሦስቱ ልጆች የነገርኳቸው ጥቂት ነገር ነው። ስሙን ጥሩት፣ ዕቃውን በሚያይበት አሳዩት፣ አጭር ነገር ተናገሩ፣ ጠብቁት። ዓይኔን እይ አትበሉት። የሠራውን አታፍርሱበት፣ ግቡበት። ይህን የመጨረሻውን ከነገርኳቸው በላይ ተረድተውታል። አንድ ቀን ማሙሽ ሲኒዎቹን በመስመር ደርድሮ አላስነካ አለ። ከሦስቱ አንዷ፣ የ9 ዓመቷ ልጅ፣ ትንሽ አሰበችና «እነዚህ ዳቦ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው» አለች። የካርቱም የዳቦ ሰልፍ ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል! ከዚያ አንድ ቆርኪ አምጥታ «ይሄ ሰውዬ ዘግይቶ መጣ፣ መጨረሻ ይቁም?» ብላ ጠየቀችው። መስመሩን ሰው ነክቶበት የማያውቀው ልጅ «መጨረሻ» አለ፤ ቦታውንም ራሱ አሳያት። እኔ በሁለት ዓመት ያላገኘሁትን በአንድ ጥያቄ አገኘችው።

ጨዋታው ለኑሮም ይሆናል። ፀጉር መቆረጥ ለማሙሽ ስቃይ ነበር፤ ሦስት ሳምንት የውሸት ፀጉር አስተካካይ ከተጫወትን በኋላ፣ እሱ የእኔን «ቆርጦ»፣ እኔ የእሱን «ቆርጬ»፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ፣ ግን ተቀመጠ። ሦስት ወንበር ደርድረን ራክሻ (ባጃጅ) እንሠራለን፤ ሾፌሩ ዋጋ ይጠራል፣ ተሳፋሪው ይከራከራል። አሁን ደግሞ ትንሽ ችግር ሆን ብዬ አስገባለሁ። ለስድስት እንግዳ አምስት ሲኒ አቀርባለሁ። ወይም አንዱ ልጅ አኩርፎ ይመጣል። «ለምን አኮረፈ?» ማሙሽ አንዳንዴ ያውቃል፣ አንዳንዴ «አላውቅም» ይላል። «አላውቅም» ማለቱም ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው የማይታይ ነገር በልቡ እንደያዘ ገብቶታል ማለት ነው። ድምፅ ሲበዛበት ደግሞ ተነሥቶ ጥግ ይሄዳል። ማንም አይከተለውም። ስለዚህም ነው ጥግ ያላት ክፍል የምፈልገው።

በየቤታችሁ የሚነሣውን ጥያቄም እሰማለሁ። ኦቲዝም ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ቡዳም አይደለም፣ የእናት ኃጢአትም አይደለም። ልጄን ጸበል ወስጄዋለሁ፣ አሁንም እወስደዋለሁ፤ ጸበሉ ከምንጣፉ ጋር አይጣላም። አንዲት እናት ደግሞ «ውሸት ማስለመድ አይሆንም ወይ?» ብላ ከልቧ ጠየቀችኝ። ሌላውን ለማታለል የሚዋሽ ልጅ እውነቱን ይደብቃል። ዕቃ ዕቃ የሚጫወት ልጅ ግን «የውሸት ነው» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። ልጁ ይመታ እንደሆነ ለፈራችሁም እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ አንዳንዱ ልጅ ሲጨንቀው ይገፋል። ለዚህ ነው በአንድ ጊዜ ከስድስት ልጅ በላይ የማልቀበለው፣ ለዚህ ነው ሁለት እናቶች ሁልጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚኖሩት።

እዚህ ከተማ ውስጥ ልጃቸውን ከሰው ደብቀው የያዙ እናቶችን አውቃለሁ። አንዷ ሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ልጇን በር ቆልፋበት ትሄዳለች፣ ሌላ ምርጫ የላትም። ሌላዋ በጦርነቱ ከሦስት ቦታ ተፈናቅላ መጥታለች፣ ልጇም በየደረሱበት ያወቀውን ሰው ሁሉ አጥቷል። እነዚህ እናቶች ይህን ደብዳቤ አይፈርሙም፤ ስለ እነሱም ነው የምጽፈው። ክፍሏ ከተገኘች የመጀመሪያውን ወር ከአራት ልጆች ጋር እንጀምራለን፣ ሁለቱ ኦቲዝም ያለባቸው፣ ሁለቱ ከእናንተ። በወሩ መጨረሻ ኮሚቴው መጥቶ ይይ። የማይሆን ከሆነ ቁልፉን አስረክባለሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎችን አንድ ነገር ጨምሬ እለምናለሁ። ከትልልቆቹ ተማሪዎቻችሁ ሁለት ወይም ሦስት ትዕግሥተኛ ልጆች ምረጡልኝ። ጎበዝ ተማሪ ባይሆኑም ግድ የለም። ታናሽ ያሳደጉ ቢሆኑ ይበቃኛል።

መልሳችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ ባውቅ ደስ ይለኛል፣ ማሙሽም እየጠበቀ ነውና። ስለ ክፍሏ ከነገርኩት ጀምሮ ስንት ሰው እንደሚመጣ በየማታው ይጠይቀኛል። «አላውቅም» ስለው ቆርኪዎቹን ያወጣና ይቆጥራል፤ ትናንት 14 ለይቶ በፌስታል አስሮ በሩ ሥር አኑሮታል።

ከአክብሮት ጋር፣

የማሙሽ እናት
ካርቱም፣ ዴም
2018 ዓ.ም.